ሁለቱ የደነዘዙ ጣቶቼ

ከአገሬ ወጥቼ መኖር በጀመርሁ በአምስተኛው ዓመት የግራ እጄ ትንሿ ጣት ሙሉ በሙሉ፣ የቀለበት ጣቴ ደግሞ ወደ ትንሿ ጣት ባለው ጎኑ ብቻ እየደነዘዙ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኝ ጀመር። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ካርቶን ማሸግ ነበርና ድካም ነው ብዬ ተውሁት፤ ወራት ሲያልፉ ግን የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ።

ሐኪም ፊት ስቀርብ ያስቸገረኝ ከበሽታው ይልቅ ቋንቋው ነበር። «ይወረኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «ይደነዝዘኛል» የሚሉት ለእኛ ሦስት የተለያዩ ስሜቶች ሲሆኑ፣ በስልክ ያስተረጎመልኝ ሰው ሦስቱንም «ያመዋል» በሚል አንድ ቃል እንዳለፋቸው የገባኝ ቋንቋውን ከተማርሁ በኋላ ነው። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ተመለስሁ። በሌላ ጊዜም ችግሩ ከአንገት ሊሆን ይችላል ተብሎ አንገቴ ብቻ ታየ።

የነርቭ ሐኪም ዘንድ የምቀርብበት ቀን ሲደርስ መዳፌን ወረቀት ላይ አሳርፌ በእርሳስ ዙሪያውን ሣልሁና የሚደነዝዘኝን ቦታ አጠቆርሁት። ሐኪሟ የቀለበት ጣቴ ለሁለት መከፈሉን እንዳየች ወደ ክርኔ አመራች፤ ከአንገት የመጣ ቢሆን ኖሮ ጣቱን እንዲህ በግማሽ መለየቱ ያልተለመደ እንደሆነም አስረዳችኝ። ወረቀት በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መካከል አስይዛኝ ስትስበው የአውራ ጣቴ ጫፍ ታጠፈ፤ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ሥጋም መጉደሉን ያን ጊዜ አስተዋልሁ። ክርናችን ሲጋጭ እስከ ጣት ድረስ የሚነዝረን ኡልናር የተባለው ነርቭ፣ ከክርን ውስጠኛ አጥንት ኋላ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። የነርቭ ፍጥነት ምርመራው መልእክቱ እዚያ ቦታ ላይ እንደሚዘገይ ሲያሳይ፣ አልትራሳውንዱ ምክንያቱን አገኘው፤ በቀጭን ግንድ ከመገጣጠሚያው ጋር የተያያዘ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ የቋጠረ፣ ካንሰር ያልሆነ ጋንግሊዮን የተባለ እብጠት ነርቩን ከሥር ይጫነው ነበር። ከላይ ሲዳሰስ ምንም አይገኝም። ይህን ስሰማ ከመደንገጥ ይልቅ እፎይ አልሁ፤ እውነቴን እንደነበረ ታወቀልኛ!

ሌሊት ክርንን ዘርግቶ የሚይዝ ድጋፍ ብዙዎችን እንደሚረዳ፣ ነርቩን የሚጫን እብጠት ሲኖርና ጡንቻ መመንመን ሲጀምር ግን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። እብጠቱ ተመልሶ እንዳይቋጥር ከነግንዱ ተቆርጦ ወጣ፤ የነርቩም መተላለፊያ ሰፋ። የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከክርን እስከ መዳፍ ያለው መንገድ አንድ ዓመት ያህል ሊወስድበት ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። የሌሊቱ መደንዘዝ ለቆኛል፤ ሸሚዜንም እቆልፋለሁ፤ ወረቀቱን ግን አውራ ጣቴ ሳይታጠፍ ለመያዝ ገና አልቻልሁም።