ሣጥኑ ላይ «ዶሮ» ስላለ ብቻ

ቢሾፍቱ ዶሮ አይቸግርም። የሚቸግረው ለዶሮ የተሠራ የኤላይዛ ኪት ነው፤ ኤላይዛ አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ የሚለካ ምርመራ ነው። የኤላይዛ ካታሎግ ብትገልጡ ለሰውና ለአይጥ ገጹ ሙሉ ነው፤ ለዶሮ ሲሆን ምርጫው ይሳሳል፣ ዋጋው ግን አይሳሳም።

ይህ ይገርመኛል፤ ሴልን ከሴል የሚያያይዙት ፕሮቲኖች መጀመሪያ ከተለዩባቸው እንስሳት አንዷ ዶሮ ናትና። ጄራልድ ኤደልማን የአንቲቦዲን አወቃቀር በማጥናቱ በ1972 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ዶሮ ሽል አዞረ። እሱና ባልደረቦቹ የሬቲና ሴሎች እንዳይጣበቁ የሚከለክል አንቲቦዲ አዘጋጁ፤ አንቲቦዲው የሚይዘውን ፕሮቲን ሲከታተሉም ኤን-ካም የተባለውን አያያዥ ፕሮቲን አገኙ። ከጉበት ያወጡት ኤል-ካም ደግሞ በዶሮ የኢ-ካድሄሪን አቻ ነው።

እኔም የምለካው ኢ-ካድሄሪንን ነው። የአንጀት ግድግዳ ሴሎችን ጎን ለጎን አያይዘው ከሚይዙት አንዱ እሱ ነው። ኮክሲዲያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ጫጩቷ አንጀት ውስጥ ሴል እያፈረሰ ሲባዛ፣ ደም የቀላቀለ ኩስ ከመታየቱ በፊት ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ላይ ምልክት ይገኝ ይሆን? የፕሮቲኑ ውጫዊ ክፍል በኢንዛይም ተቆርጦ ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል ሐሳቡ ከንቱ አይደለም።

ደም የምቀዳው ከክንፍ ሥር ነው። ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ቱቦ አልጠቀምም፦ ኢዲቲኤ ካልሲየምን ይይዛል፣ ካድሄሪን ደግሞ ቅርጹን የሚጠብቀው በካልሲየም ነው፤ ቅርጹ ከተበላሸ አንቲቦዲው ላያውቀው ይችላል። ቀላ ያለ ሴረም ካየሁ እጥለዋለሁ፤ ከፈረሱ ቀይ የደም ሴሎች የወጣው ሄሞግሎቢን ራሱ ከቲኤምቢ (ኤላይዛው ላይ ቀለም ከሚሰጠው ኬሚካል) ጋር ቀለም ሊሰጥ ይችላል።

የፕሌቱን ሥራ ኤላይዛ የነካ ሁሉ ያውቀዋል፦ 96 ጉድጓድ፣ ናሙና፣ እጥበት፣ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ እንደገና እጥበት፣ ሰማያዊ፣ አሲድ፣ ቢጫ፣ በ450 ናኖሜትር ብርሃን ንባብ።

ቢጫው ማማሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ንጹሕ ፕሮቲን በንጹሕ ባፈር ስለሆነ ከእሱ የሚሠራው የመለኪያ ከርቭ ሁልጊዜ ያምራል። ሴረም ሌላ ዓለም ነው፤ በተለይ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ሴረም በስብ ይደፈርሳል። ስለዚህ ከማንኛውም ሙከራ በፊት የብዙ ዶሮዎችን ሴረም ቀላቅዬ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያደረግሁ አቀጥነዋለሁ። ወጥ ውሃ ተጨምሮበት ጨዉ ካልቀነሰ የቀመሳችሁት ጨው አልነበረም። ንባቡ በማቅጠኛው ሲባዛ በየደረጃው ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለበት። ቀጥሎ የታወቀ መጠን ስታንዳርድ ሴረሙ ላይ ጨምሬ ምን ያህሉ እንደተመለሰ አያለሁ፤ ከ80 እስከ 120 በመቶ ከሆነ እቀበላለሁ።

ይህን መረጃ አንድ ሻጭ ብጠይቅ የላከልኝ የሰው ሴረም ሰንጠረዥ ነበር። ደግሜ ስጠይቅ «ፕሮቲኑ ተመሳሳይ ነው» አለኝ። ተመሳሳይማ ቢሆን የሰውን ኪት እገዛ ነበር፤ ይረክሳል!

አሁን ለግዥ በምጽፈው ዝርዝር ላይ ሁለት መስመር ጨምሬያለሁ። አንደኛው በዶሮ ሴረም የተሠራ የማቅጠን ውጤት ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲዎቹ የፕሮቲኑን የትኛውን ክፍል እንደሚይዙ ነው፤ በሴሉ ውስጥ የሚቀረውን ጫፍ የሚይዝ አንቲቦዲ ወደ ደም የገባውን ቁራጭ አያገኘውም። ግዥዎቹ «እንዲህ ከጠበበ ተወዳዳሪ ይጠፋል» ይሉኛል። ይጥፋ።