የፀጉር ሰሪዋ ስም አለ፣ የኔ የለም

ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ነው የገባሁት፣ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስልኬ ላይ እየሞነጫጨርኩ ነው። ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል፣ ሁሌ ድራሙ ስር ነው የሚያስቀምጡኝ።

ማታ ስንጨርስ የክለቡ ባለቤት ፖስታችንን ሰጠን፣ ስንከፍተው ግማሽ ነው። "ዛሬ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር" አለ። እሺ ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን እኛ ግማሽ አልተጫወትንም። ደሞ ቀዘቀዘ በተባለው ቤት ዘፋኟ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ያመሸውን ባለ 200 ብር ከኪቦርዴ ኋላ ሆኜ ሳየው ነበር እኮ። እሷን አልወቅስም፣ የታክሲ ብላ ለሁላችንም ሰጥታናለች። ደሞዝ ሚባል የላትም፣ በሽልማት ነው የምትኖረው፣ እና የሰከረ ሰውዬ ብር እየለጠፈ እጁ ወዴት ወዴት ሲል ሳታስቀይመው ፈገግ ብላ ዞር ማለትም ስራዋ ሆኗል፣ እኛ ደሞ ከኋላ እያየን ምቱን እንቀጥላለን። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ (ፈንድቃ የሚባለው የአዝማሪ ቤትም 2017 ላይ አብሮ ሄዷል) የሚሰራበት ቤት አንሷል፣ ባለቤቶቹም ይሄን አሳምረው ያውቁታል።

ርዕሴ ግን ሌላ ነው። አምና ስቱዲዮ ገብቼ ኪቦርድ የተጫወትኩባት ነጠላ ዜማ አለች። መግቢያዋን፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያፏጫት የምሰማትን፣ እዛው ቁጭ ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አቀናባሪው "ውይ ይቺማ ቆንጆ ናት፣ ያዛት" አለ፣ ያዝኳት። የአንድ ቀን ተከፈለኝ፣ አለቀ። ዩቲዩብ ላይ ስትወጣ ከስር የተፃፈውን ወርጄ አየሁት፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ካሜራ፣ ድሮን ያበረረው ልጅ፣ ልብስ ያዋሰው ቡቲክ፣ የፀጉር ሰሪዋ ከነስልክ ቁጥሯ። እኔ የለሁም። ቤዝ የተጫወተውም የለም። እማዬ መነፅሯን አድርጋ ፈልጋ ፈልጋ "የታለህ?" አለችኝ። ድምፁ ውስጥ አለሁ አልኳት። ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ እንጂ ምን ላድርግ።

ህግ የለም እንዳትሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ብሎ ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ሙዚቀኛውንም ይጨምራል፣ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው፣ በ2007 ሲሻሻል ደሞ ሮያሊቲ የሚሰበሰብበት መንገድ ገባበት። ግን ስቱዲዮ ውስጥ ማን ወረቀት ያወጣል? ሁሉም በቃል ነው። ውል ብለህ ከጠየቅክ "ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?" ይልሃል፣ ከዛ በኋላ ስልክህ አይደወልም።

ሳክስ ተጫዋቻችንን ጋሼ ነው የምንለው፣ 70 እየተጠጋ ነው፣ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ነበር። በሰዓት እላፊ ዘመን ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት እንደነበር ሲያወራ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን ሰምቼ ይደክመኛል። ስለ ዋልያስ ባንድ ያወራኝም እሱ ነው። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከጓደኞቹ ጋር በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካ ሄዶ እዛው ቀረ፣ በ1985 አኮርዲዮኑንም ሲንተሳይዘሩንም ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሰራ፣ ከዛ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፣ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ይሄን ታሪክ ሰዉ "ተስፋ አትቁረጡ" ብሎ ይለጥፈዋል። እኔን ደስ አይለኝም፣ ያበሽቀኛል። ካሴቱ 28 ዓመት እዚሁ ሀገር ሱቅ ለሱቅ ሲዞር እኛ የት ነበርን? ደሞ እሱ ሽፋኑ ላይ ስሙ አለ፣ ስለዚህ ፈልገው አገኙት። ጋሼ የነፋባቸው ካሴቶች ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ብቻ ነው፣ ማን ብሎ ይፈልገው?

ጋሼ የፊት ጥርሱ ይነቃነቃል። ሳክስ ደሞ ያለ ፊት ጥርስ አይሆንም፣ አፉ ላይ የምትገባውን የሚይዘው የላይኛው ጥርስ ነው። ሰሞኑን ከፍ ያለችው ላይ ሲደርስ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ተመልካቹ ስሜት መስሎት ያጨበጭባል። ጡረታ የለው፣ ኢንሹራንስ የለው። ዘፋኙ ኢዮብ መኮንን በ2005 ነሐሴ ናይሮቢ ለህክምና ተወስዶ ሲያርፍ ሀገር ነው ያዘነው፣ ሲገባው ነው፣ ግን ለሳክስ ተጫዋች ጥርስ ማን ያዋጣል?

ማታ ፖስታውን ሁለቴ ቆጠረና ሳክሱ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

"ለጥርሱ የያዝኳት ነበረች" አለኝ።

"ባለቤቱን እናናግረዋ ጋሼ፣ ሁላችንም ሆነን።"

"ተወው ልጄ። ይልቅ ያቺን የመጨረሻዋን ሶሎ ለአርብ አንተ ያዛት፣ ኪቦርድህ የሳክስ ድምፅ አለው አይደል?"

አለው። አሁን ሄድፎን አድርጌ እየሞከርኳት ነው፣ ኖታው ሁሉ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን የመኪና ጥሩምባ ነው የሚመስለው።