የማሕፀን ካንሰርና የተዘነጋው ልብ

ስለ ማሕፀን ካንሰር ስናወራ ልብን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የአሜሪካን የካንሰር መዝገብ መሠረት ያደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ከተያዙት ሴቶች መካከል በካንሰሩ ከሞቱት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት ይበልጣሉ። እኔን ብዙም አላስገረመኝም፤ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ ለሁለቱም በር ከፋች ናቸውና፤ ካንሰሩም ብዙውን ጊዜ ካረጡ በኋላ በሚታይ የደም መፍሰስ ምክንያት በጊዜ ስለሚደረስበት በቀዶ ሕክምና የሚድኑት ብዙዎች ናቸው።

በእንቁልጢ (የሴት እንቁላል በሚመረትበት አካል) ካንሰር ግን አንዳንዴ ልብን የሚፈትነው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ቤቫሲዙማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳያበቅል ሲከለክል፣ የደም ሥሮችን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድም ስለሚቀንስ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የልብ ሥጋት እንዲገመገም መክሯል፤ በእኔ እይታ ዘግይቷል።