ከቦሌ ሳይነሱ የሚያልቅ የዳታ ጉዳይ

ሮሚንግ (የአገር ቤቱን መስመር ውጭ አገር መጠቀም) ከፍቶ ዱባይ መውረድ ኪስ ያራቁታል። ርካሹ መንገድ ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም ነው፤ ሥራው ግን አዲስ አበባ እያሉ ማለቅ አለበት።

*#06# ሲደውሉ ባለ 32 አሃዝ ኢአይዲ (የኢሲም መለያ ቁጥር) ከመጣ ስልኩ ኢሲም ይቀበላል። አይፎን ከሆነ ከ2018ቱ ኤክስ ኤስ ጀምሮ ይሠራል፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ባለ ሁለት ሲም ካርዶቹ ግን ብዙዎቹ አይሆኑም። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ስልክ ደግሞ ለአንድ የቴሌኮም ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ለማስከፈት ፒያሳ ወርደው ለስልክ ጠጋኝ ከመክፈልዎ በፊት በአይፎኑ ላይ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብተው ‹ካሪየር ሎክ› የሚለውን ያንብቡ።

ትልቁ ራስ ምታት ክፍያው ነው። ተራ የብር ካርድ ኢሲም በሚሸጥ የውጭ መተግበሪያ ላይ አይከፍልም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከሌለዎት ውጭ ያለ ሰው ገዝቶ ኢሲሙ የሚጫንበትን ኪውአር ኮድ በቴሌግራም ይላክልዎ። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንዴ ነው፤ ላኪው ‹እስቲ ልሞክረው› ብሎ በራሱ ስልክ ከጫነው ገንዘቡ ቀለጠ። እርስዎም የኮዱን ምስል በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍተው፣ በዋይፋይ፣ ከጉዞው በፊት በራስዎ ስልክ ስካን ያድርጉት። የገዙት ጥቅል የቀን ቆጠራ ከመጫን ይሁን ከመጀመሪያው ግንኙነት የሚጀምረው፣ ቀድመው ያጣሩ።

ሲደርሱ ዳታውን ወደ ኢሲሙ ያዙሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ‹ዳታ ሮሚንግ› በኢሲሙ ላይ መብራት፣ በኢትዮጵያው መስመር ላይ መጥፋት አለበት። እምቢ ካለ ሻጩ የሰጠውን ኤፒኤን (ስልኩን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ የኔትወርክ ስም) በእጅ ያስገቡ።

የቴሌግራምን አውቶማቲክ ዳውንሎድም ያጥፉ፤ የሰፈር ግሩፕ ቪዲዮ ብቻውን 1 ጊጋ ይጨርሳል።