የዲኤክስ ኮሮላ ዝናብ መጥረጊያ ክንዶችን ፈትቶ መግጠም፦ ከሥራ ማስታወሻዬ

ክረምቱ ሳይገባ በዲኤክሴ ላይ ልጨርሰው ካሰብኩት ሥራ አንዱ የፊት መስታወቱን ዝናብ መጥረጊያ ክንዶች ፈትቶ፣ አጽድቶና አስተካክሎ መልሶ መግጠም ነበር። ሁለት ዳዶ ፈትቶ ሁለት ክንድ ማንሳት ብቻ ስለሚመስል ብዙ ሰው እንደ ሥራም አይቆጥረውም፤ በአዲስ መኪና ላይ በእርግጥም ቀላል ነው። አርባ ዓመት ገደማ ዝናብ፣ አቧራና ፀሐይ የተፈራረቁበት ክንድ ግን ዳዶው ከወለቀ በኋላም ከዘንጉ ጋር እንደተበየደ ሆኖ ይቆያል፤ ጉዳት የሚደርሰውም በአብዛኛው ያኔ ነው። እኔ አሁን ክንዶቹን አውጥቼ ገጥሜያለሁ፣ ከኮፈኑ በስተኋላ ያለው የዘንጎቹ ማገናኛ ግን ይቀረኛል። እስካሁን የሠራሁትንና ለምን እንደዚያ እንደሠራሁት እንደ እኔ አሮጌ መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ለሚጠግኑ ሁሉ አካፍላለሁ።

ሥራውን ያስጀመሩኝ ምልክቶች ሦስት ነበሩ። በተሳፋሪው በኩል ያለው መጥረጊያ ሲቆም ከቦታው ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በሾፌሩ በኩል ያለው ከመስታወቱ ጠርዝ አጠገብ ማጭድ የመሰለ ያልተጠረገ ቦታ ይተዋል፤ ሁለቱም ወደ ላይ ሲሄዱ ጸጥ ብለው ወደ ታች ሲመለሱ እየዘለሉ ይንቀጠቀጣሉ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚደረገው የመጥረጊያውን ጎማ መቀየር ነው፤ ብዙ ጊዜም ተገቢ ነው። ከመስከረም ማብቂያ በኋላ መጥረጊያው ለወራት ያለ ሥራ ተኝቶ ይከርማል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፣ የከንፈሩም ጫፍ በተኛበት በኩል እንደታጠፈ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሾፌሩ አቧራ በተጋገረበት መስታወት ላይ ያስነሳዋል። እኔ ግን ጎማውን ቀይሬም መንቀጥቀጡ አልቀረም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከክንዱ፣ ከሞላው ወይም ከዘንጉ መሆን ነበረበት።

ቁልፍ ከማንሳት በፊት ክንዱ በምን እንደተያዘ ማወቅ ይጠቅማል። የመጥረጊያው ሞተር በማርሽ አማካይነት አንዲት አጭር ክንድ ያዞራል፤ እርስዋም የማገናኛውን ብረቶች እየገፋችና እየሳበች ከኮፈኑ በስተኋላ ብቅ ያሉትን ሁለት ዘንጎች ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች። የእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን ዙሪያውን ደቃቅ ጥርሶች አሉት። ዘንጉ ጠንካራ ብረት ነው፤ የክንዱ ራስ ግን በአብዛኛው እንደ አሉሚኒየም ካለ ቀላል ብረት በሻጋታ የፈሰሰ ለስላሳ ነገር ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የክንዱን ራስ ወደ ታች ይገፋዋል፣ የዘንጉ ጥርሶችም ለስላሳውን ብረት ነክሰው ይይዙታል። የመጥረቢያ ራስ በእጀታው ላይ በሽብልቅ እንደሚያዝ ሁሉ እዚህም መያዣው መጠበቡ ነው፤ ዳዶው ያንን መጠበብ ብቻ ይጠብቃል። ዳዶው ሲወልቅ ክንዱ አብሮ የማይወልቀው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውኃ ባለበት ሲነካኩ ለስላሳው ይበላና ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የክንዱን ራስ ከዘንጉ ጋር የበለጠ ያጣብቀዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ለሥራው ሁሉ አንድ መመሪያ አወጣሁ፤ የምጠቀመው ጉልበት የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚያርፍ ሳላውቅ አልገፋም። ክንድ ቢሰበር የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ መግዛት ይቻላል። ዘንጉ ቢጣመም ወይም የተቀመጠበት ቤት ቢፈነቀል ግን ሙሉ ማገናኛውን ማውረድ ግድ ይላል፤ መስታወቱ ቢሰነጠቅ ደግሞ ወጪው ከሁሉም ይብሳል።

መጀመሪያ መጥረጊያዎቹ በራሳቸው የማረፊያ ቦታ ላይ መቆም አለባቸው። መስታወቱን በውኃ አርሼ፣ አስነሥቼ ጥቂት ካወዛወዝኳቸው በኋላ ያጠፋሁዋቸው በራሳቸው ማብሪያ ነው። የመኪናውን ቁልፍ በማጥፋት ማቆም ይህን ሥራ ያበላሻል። ሞተሩ ውስጥ ማብሪያው ከጠፋም በኋላ ክንዱ ማረፊያው ጋ እስኪደርስ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የራሱ መገናኛ አለ፤ በቁልፉ ከተቆረጠ ግን መጥረጊያው የደረሰበት ላይ ይቀራል፣ ምልክቱም የተሳሳተ ቦታ ላይ ይደረጋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር፣ በጎማው ሙሉ ርዝመት ልክ፣ መስታወቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። ጫፉን ብቻ ማመልከት አይበቃም፤ ሲገጠም ጫፉ ልክ ሆኖ ሥሩ ሊያፈነግጥ ይችላልና። ሁለቱ ክንዶች በርዝመትም ሆነ በአጎባበጥ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ የሾፌርና የተሳፋሪ ብዬ ጻፍኩባቸው።

የዳዶውን ክዳን በቀጭን ፕላስቲክ አነሣሁት። በእኔ መኪና ዳዶው በ10 ቡሶላ ይፈታል፤ በሌሎች መኪኖች 12፣ 13 ወይም 14 ማግኘት የተለመደ ነው። ዳዶውን ግን ፈጽሞ ማውለቅ አያስፈልግም። አላልቶ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ማምጣት ይበቃል፤ እንዲህ ሲሆን ዳዶው የሚጠመዘዝበት የዘንጉ ጥርስ ከመመታት ይድናል፣ ክንዱም በድንገት ቢለቅ ዘሎ አይሄድም። ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ በክንዱ ራስና በዘንጉ መካከል ነፍቼ እስኪሰርግ ተውኩት። በመስታወቱ ላይ ወፍራም ፎጣ አነጠፍኩ፤ ጎማ የሌለው ክንድ በሞላው ጉልበት መስታወት ላይ ቢወድቅ ሊሰነጥቀው ይችላል። ክንዱን በማጠፊያው ቀና አድርጌ ካቆምኩት በኋላም የሞላው ውጥረት ከክንዱ ራስ ላይ ተነሣ።

እዚህ ላይ ካቻቪቴ ከክንዱ ራስ ሥር አስገብቶ መፈንቀል ያጓጓል። መኪናዋ ወደ እኔ ከመምጣትዋ በፊት አንድ ሰው ይህንኑ ሞክሮት ኖሮ፣ በተሳፋሪው በኩል ከዘንጉ አጠገብ ያለው ቆርቆሮ ላይ የካቻቪቴ ጫፍ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ቀርቷል፤ ቀለሙ ተልጦም ዝገት ጀምሮታል። በአንድ በኩል ብቻ ሲፈነቀል ጉልበቱ ዘንጉን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ድጋፍ የሆነው ቆርቆሮም ቀጭን በመሆኑ ይሰረጉዳል። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መምታት ደግሞ ጥርሱን ያደቃል፣ ዘንጉን በቤቱ ውስጥ የያዘውን ቀለበትም ሊያስለቅቅ ይችላል። ስለዚህ ክንዱን ከሥሩ ይዤ በጥቂቱ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ መልሶ ስፕሬይ መንፋት፣ መልሶም ማወዛወዝ ሆነ ሥራዬ። ሲወዛወዝ ዘንጉ አብሮ ከዞረ የሚለፋው የሞተሩ ማርሽ ስለሆነ እዚያው ላይ ማቆም ይሻላል።

የሾፌሩ በዚህ ለቀቀ፤ የተሳፋሪው ግን እንቢ አለ። ቀላሉ ብረት ሲሞቅ ከዘንጉ ብረት ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚሰፋ፣ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክሬ በራሱ ላይ ጠመጠምኩበት። ውኃውን በቀጥታ ማፍሰስ አይመከርም፤ በጠዋት ብርድ የቀዘቀዘ መስታወት ላይ ሙቅ ውኃ ቢፈስ መስታወቱ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ቀጥዬ የባትሪ ራስ ለማውጣት የሚያገለግለውን ትንሽ ፑለር አመጣሁ። ሁለቱ ጥፍሮቹ ራሱን ከሥር ይይዛሉ፣ መሐል ያለው ቡሎን ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ይጫናል፤ ጉልበቱ በራሱና በዘንጉ መካከል ብቻ ስለሚቀር ቆርቆሮውም መስታወቱም አይነኩም። ቡሎኑን ሩብ ዙር አጥብቄ ትንሽ ጠበቅሁ፣ የራሱንም ጎን በእንጨት እጀታ ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግሁ። አንዲት አጭር የ«ጠቅ» ድምፅ ተሰማች፣ ራሱም ከፍ ብሎ ከዳዶው ጋር ተጋጨ። ዳዶውን ሳነሣው በቀዳዳው ዙሪያ አመድማ ነጭ ዱቄት ነበረ፣ በጣት ሲነካም እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል።

ክንዶቹ እንደወለቁ የመጥረጊያውን ሞተር አስነሥቼ ባዶዎቹን ዘንጎች ማየቴ ብዙ ጠቀመኝ። ሁለቱም እኩል ይወዛወዛሉ፤ ስለዚህ የተሳፋሪው መጥረጊያ ከፍ ብሎ የሚቀረው ከማገናኛው የተነሣ እንዳልሆነ ለየሁ። ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ስመለከተው ለስላሳው ብረት በአንድ በኩል ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፣ በዱቄቱ ከመጣበቁ በፊት ዘንጉ ውስጡ ተንሸራቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ በመካከል በማስገባት ማጥበቅ በየጋራዡ የታወቀ ዘዴ ነው። በእኔ እምነት ዘዴው ከመንገድ ላይ ቤት ለመድረስ ይበቃል፤ ሐምሌና ነሐሴን እሻገርበታለሁ የሚል ግን ራሱን ያታልላል። ዳዶውን ከልክ በላይ ማጥበቅ ደግሞ ያለቀ ጥርስ አይመልስም፣ ዳዶው የሚጠመዘዝበትን የዘንጉን ጥርስ ይበጥሰዋል እንጂ።

ሌላ ክንድ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስሄድ አሮጌውን ይዤ ሄድኩ። የመኪናውን ስም ብቻ ተናግሮ መግዛት አያዋጣም፤ የቀዳዳውን ስፋትና የጥርሱን ድቅቀት፣ የክንዱን ርዝመትና ወዴት እንደጎበጠ፣ ጎማው የሚያዝበትን ጫፍ ከአሮጌው ጋር አጣብቆ ማየት ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ ክንድ ሁሉ ጥሩ አይደለም። እኔ የመረጥኩት ቀለሙ የለቀቀ ነበር፤ ግን ሞላው ሲሳብ እጅን ይታገላል፣ ማጠፊያውም ወደ ጎን አይነቃነቅም።

የዘንጎቹን ጥርስ በነሐስ ሽቦ ብሩሽ፣ በጥርሱ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ጠረግሁ። ሞረድ እዚህ ቦታ የለውም። ከዚያ የመዳብ ግሪስ ቀብቼ መልሼ በጨርቅ አበስኩት፣ የቀረው ቀለም የመሰለ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ግሪስ ጨርሶ አይነካ የሚሉ አሉ፣ ሥጋታቸውም ይገባኛል፤ ብዙ ከሆነ ራሱ ይንሸራተታል። ጨርሶ ደረቅ ከተተወ ግን ያው ዱቄት ተመልሶ ይመጣል።

የመንቀጥቀጡ ምክንያት የተገኘው ቀጥሎ ነው። የጎማው ከንፈር በሄደ ቁጥር ወደ ኋላው መተኛት፣ ሲመለስም ተገልብጦ በሌላው ጎን መተኛት አለበት። ክንዱ ትንሽ ተጠምዝዞ ከሆነ ጎማው አንድ ጊዜ እየተጎተተ ሌላ ጊዜ እየተገፋ ይሄዳል፤ ሲገፋም መገልበጥ ስለማይችል እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ጎማውን አውልቄ ስመለከት የሾፌሩ ክንድ ጫፍ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ አልነበረም። ከመስታወቱ አርቄ፣ በጨርቅ በተጠቀለሉ ሁለት ፒንሳዎች ይዤ በጥቂት በጥቂቱ አቀናሁት። የተሳፋሪው አሮጌ ክንድም ተጣሞ ነበር፤ የተገዛው ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ አልነካሁትም።

ለመግጠም ሞተሩን እንደገና አስነሥቼ በማብሪያው ካቆምኩ በኋላ፣ ራሱን ሳልጫን በዘንጉ ላይ አሳርፌ ጎማውን ወደ ፕላስተሩ አወረድኩት። የተሳፋሪውን ግን የድሮው ምልክት የተሳሳተ ስለነበር ከሾፌሩ ጋር አስተያይቼ ዝቅ አደረግሁት። በሥሩ የአንድ ጥርስ ልዩነት ጫፉ ላይ በጣት ስፋት ይቆጠራልና ጥርሱን መምረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዳዶው ሲጠብቅ ክንዱን ይዞ ሊዞር ስለሚፈልግ በሌላው እጄ ያዝኩት።

ሙከራው በእርጥብ መስታወት ላይ መሆን አለበት። በደረቅ ላይ ጎማው ይቦጨቃል፣ የሚጠርገውም ስፋት ያንሳል። በዝግታ ከሞከርኩ በኋላ በፍጥነት አስነሣሁት፤ ክንዱ በፍጥነት ሲሄድ ከዝግታው ትንሽ አልፎ ስለሚወረወር፣ የመስታወቱን ጠርዝ መምታት አለመምታቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ለስላሳው ብረት በአዲሱ ቦታው እየተደላደለ ስለሚሄድ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጠበቅኋቸው፤ ክዳኖቹንም የመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ሁለቱም ቦታቸው ላይ ያርፋሉ፣ በሾፌሩ በኩል የነበረውም ያልተጠረገ ቦታ ጠፍቷል፣ ሲመለሱም አይንቀጠቀጡም። የቀረው የተሳፋሪው ዘንግ በእጅ ሲያዝ ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ መነቃነቁ ነው፤ የማገናኛው ፕላስቲክ ቡሽ ወይም የዘንጉ ቤት አልቋል ብዬ እገምታለሁ። ቀጣዩ ሥራዬ በኮፈኑና በመስታወቱ መካከል ያለውን ክፍል ከፍቼ ማገናኛውን ማውረድ ነው። በዲኤክስ ላይ ሞተሩን ሳይነኩ ማገናኛውን ብቻ ያወጣ ካለ፣ በየትኛው በኩል አዙሮ እንዳወጣው ቢነግረኝ ቆርቆሮውን ሳልነካ እሠራዋለሁ።