በጎጃም አሮጌ ብስክሌት ለምትሰበስቡ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን ያዙ

ይህን የምጽፈው ከኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እንደኔ እንዳይንገላታ ነው። በጎጃም አሮጌ ብስክሌት ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ማጽዳቱም ይለመዳል። የሚያንገበግበው፣ ከገዙት በኋላ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዞ መሄዱ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ፍለጋው ባጭሩ ልበል። ብስክሌት ሲባል ሁሉም ባሕር ዳርን ያስባል። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ባጃጅ ከመብዛቱ በፊት ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ግን ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ቁጭ ብሎ አያረጅም። ይነዳል፣ ይፈታል፣ ዕቃው ለሌላው ይሆናል። እኔ ደህና ደህናውን ያገኘሁት በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ ነው። የጡረተኛ መምህር ቤት፣ የድሬሰር ቤት፣ ጓዳ ውስጥ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ጀርባ። ባለቤቱ አርፏል፣ ልጆቹ አይነዱትም፣ ሚስቱም ለቁራሊዮ መስጠት አልሆነላትም። ደላላ አታስገቡ። ደላላ ሲገባ ዋጋው ይቆለላል፣ የብስክሌቱም ታሪክ ይበላሻል። ይልቅ ጎሚስታ ጠይቁ። የድሮ ጎሚስታ የማን ብስክሌት የት እንዳለ ያውቃል።

ሻጭ ሁሉ «ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው» ይላችኋል። አትመኑ። ጣሊያን የነበረው ከ1928 እስከ 1933 ነው። እኔ እጄ ከገቡት ውስጥ አብዛኞቹ የእንግሊዝና የቻይና ሥራ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ የመጡ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባለ ሦስት ማርሽ የእንግሊዝ ብስክሌት ከሆነ፣ የኋላውን ጎማ እምብርት በናፍጣ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ስተርሚ አርቸር የሚል የማርሽ ሠሪው የእንግሊዝ ፋብሪካ ስም ይወጣል፣ አጠገቡ ደግሞ ትንንሽ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። የኔው 55 እና 4 ይላል። እ.ኤ.አ. 1955፣ አራተኛው ወር ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር 1947 ነው። ጣሊያን ከወጣ 14 ዓመት አልፎታል። እርግጥ ጎማው ከሌላ ብስክሌት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ይህን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ። ቬስፓም ላይ ይህንኑ ወሬ ሰምቻለሁ። ቬስፓ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፣ ጣሊያን ከዚህ ከተባረረ በኋላ። የወረራ ዘመን ቬስፓ የሚባል ነገር የለም። ሞተር ብስክሌት ደግሞ ሊብሬ ከሌለው በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትቀበሉ።

የቻይናውን ፊኒክስና የእንግሊዙን ራሌይ የሚያምታቱም ብዙ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ባለ 28 ጎማ ናቸው፣ ፍሬናቸውም በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው የሚሠራው። ካቴናው የሚዞርበትን ትልቁን ጥርስ እዩ። የድሮው ራሌይ ላይ መሃሉ የሦስት ወፍ ራስ ቅርጽ አለው፣ ረጅም ምንቃር ያላቸው። እጅ ሲያርፍበት ይታወቃል። ፊኒክስ ከሆነ ግን አትናቁት። የጎጃምን አቧራ የቻለ ብስክሌት ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ካገኛችሁ ያዙት።

እንግሊዝና ፈረንሳይ እንዳለው ትልቅ የፊት ጎማ ያለው ብስክሌት ግን እዚህ አትፈልጉ። የዚያ ዘመን ያበቃው ሮቨር የተባለው ሁለት እኩል ጎማ ያለው ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1885 ከወጣ በኋላ ነው። በኛ አገር እኔ አንድም አላየሁም። የጥንቱን መልክ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ልጆች ከእንጨትና ከኩሽኔታ ሠርተው ቁልቁለት የሚወርዱበትን ይመልከት። ጀርመናዊው ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 የሠራውም ከእንጨት ነበር፣ ፔዳልም አልነበረውም። እኔ አንዱን የልጆች ሥራ ከራሌዩ ጎን አስቀምጬዋለሁ። ቦታው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

መንገዱ እንዲህ ሳይከፋ በፊት ነው። ፍኖተ ሰላም አጠገብ አንዲት እናት ዘንድ የባለቤታቸው ብስክሌት እንዳለ ሰማሁ። መምህር ነበሩ። ሄድኩ። ያ 1947 የምለው ራሌይ ነው። ከፊቱ ያለው የነሐስ ምልክት አልተነካም። ኮርቻው ብሩክስ የተባለው የእንግሊዝ የቆዳ ኮርቻ ነው፣ ቆዳው በመምህሩ መቀመጫ ልክ ረግቧል። ወርቃማው ጽሑፍ ዋናው ብረት ላይ ሳይፋቅ አለ። እማማ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልትነዳው ነው ልትሰቅለው?» አሉኝ።

«እነዳዋለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ውሰደው። ተሰቅሎማ እዚህም ነበር።»

ዋጋ ተስማማን። ወረቀት እንጻፍ ስላቸው «የኔ ልጅ፣ ለብስክሌት ደግሞ ምን ወረቀት?» አሉ። እኔም አስቀድሜ አንድ መሥሪያ ቤት ጠይቄ ነበር። «ብስክሌት ሊብሬ የለውም፣ ገዝተህ መሄድ ነው» ነበር ያሉኝ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ በገመድ አሰረልኝ፣ ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመርን።

አንዱ ኬላ ላይ አስቆሙን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ፈታሹ ቀና ብሎ አየው።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሊብሬ?»

«ብስክሌት እኮ ነው።»

«ይሄ ብስክሌት አይደለም፣ ቅርስ ነው። ፈቃድህን አምጣ።»

ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። አዋጅ አለው፣ ቁጥር 209/1992። ልክ ነው፣ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ከገዳማችን የወጣው መስቀልና ብራና ስንቱ እንደሆነ የጎጃም ሰው ያውቃል። እኔ ግን ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ነበር የምሄደው። ይህን ብል ማን ይስማኝ። ብስክሌቱ ወረደ፣ መኪናው ሄደ።

ፖሊስ «ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባህል ጽሕፈት ቤቱ አምጣ» አለኝ። ሄድኩ። እዚያ ያለው ባለሙያ ፎቶውን በስልኬ አየና «ይሄ የውጭ አገር ፋብሪካ ዕቃ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አለ።

«ይህንኑ ይጻፉልኝ።»

«የማይመለከተንን ነገር ምን ብለን እንጽፋለን?»

ይህን ይዤ ተመለስኩ። ፖሊሱ ያልተጻፈ ነገር አልቀበልም አለ። እሱም አልተሳሳተም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ከዚያ ትራንስፖርት ሂድና የባለቤትነት ማረጋገጫ አምጣ ተባልኩ። ትራንስፖርት ደግሞ «ሞተር ከሆነ አምጣው፣ ብስክሌት አንመዘግብም» አለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ነገ ና። ከሰዓት በኋላ ና። አንዱ ቢሮ የላከኝን ሌላው ቢሮ አያውቀውም። ሁሉም በጨዋ አንደበት ነው የሚመልሱህ፣ ማንም ግን ፊርማውን አያወጣም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ክረምት ነበር። የአዊን ክረምት ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያው ውሃ የሚያፈስበት ሥር ነው ያቆሙት። በረንዳ አለ፣ ባዶ መጋዘን አለ። ወደ ውስጥ አስገቡልኝ ብዬ ለመንኩ። «ኤግዚቢት ነው፣ አይነካም» ተባልኩ። የብሩክስ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ተኮማተረ፣ ከፊት ካሉት የመዳብ ምስማሮች ዙሪያ ተሰነጠቀ። ላስቲክ ገዝቼ ሸፈንኩት። በማግሥቱ ላስቲኩ ጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ይህ አይደለም። አንድ ጠዋት ስሄድ ዋናው ብረት ላይ የነበረው ወርቃማ ጽሑፍ የለም። በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል። ነጭ ብረት ወጥቷል፣ ከሥሩ ጥቁር ብናኝ ተከምሯል። ለምን ስል «ሻንሲ ቁጥር እየፈለግን ነው» አሉኝ። የዚህ ብስክሌት ቁጥር እዚያ አይደለም። ከኮርቻው ዝቅ ብሎ፣ ብረቶቹ የሚገናኙበት ጋ ነው። በጣቴ ጠርጌ አሳየኋቸው። ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። መምህሩ ያን ሁሉ ዓመት በጨርቅ እየወለወሉ ያቆዩትን ጽሑፍ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት አጠፋው። ቅርስ ነው ብለው ነበር የያዙት። ቅርስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዝናብ ላይ አይጥለውም፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይፈገፍገውም። ይህን ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ አሁንም እላለሁ።

የተፈታው በእማማ ነው። ደውዬ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ሄዱ። ሁለት የሰፈር ሰው ምስክር ይዘው «ብስክሌቱ የባለቤቴ ነበር፣ ሸጬለታለሁ» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ሊቀ መንበሩ ፈረመ፣ ክብ ማኅተም መታበት። ያን ወረቀት ይዤ ኬላው ድረስ ሄድኩ። ፈታሹ ማኅተሙን አየ። ጽሑፉን አላነበበም። «መጀመሪያውኑ ይህን አታመጣም ነበር?» አለኝ። ማንም ይህን አምጣ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ ለብስክሌት ወረቀት አያስፈልግም ሲሏችሁ አትስሟቸው። ቢሮ ያለው ሰው ቢላችሁም አትስሙ። ብስክሌቱን ከመጫናችሁ በፊት ውል ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ የሻጩ ቀበሌ ማኅተም ይምታበት። ውሉ ላይ «አሮጌ ብስክሌት» ብላችሁ ጻፉ። እውነቱም እሱ ነው። «ጥንታዊ» የሚለውን ቃል ለጓደኞቻችሁ አቆዩት። የብረቱን ቁጥር ከኮርቻው ሥር ፈልጋችሁ አስገቡ፣ ፎቶውንም አያይዙ። ሻጩ ወራሽ ከሆነ የወራሽነቱን ማስረጃ ጠይቁ፣ ሌሎቹ ልጆችም ይፈርሙ። ክረምት ላይ አታጓጉዙ። ግድ ከሆነ ኮርቻውን ፈትታችሁ በቦርሳ ያዙት። እኔ አሁን ኮርቻ ሳልፈታ ከማንም ግቢ አልወጣም።

ስለ ጥገናው ትንሽ ልጨምር። በያጁም ቀለም ቀቢውም «ገፈን ስፕሬይ እናድርገው፣ አዲስ ይመስላል» ይላሉ። አታስነኩ። አዲስ እንዲመስል ከፈለጋችሁ አዲስ ግዙ። የተረፈው የፋብሪካ ቀለም አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስም። በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ባለበት ቦታ ናፍጣም ቤንዚንም አትጠቀሙ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። የዛገ ኒኬል ግን በተጨማደደ የአልሙኒየም ወረቀትና በውሃ ሲታሽ እንደ መስታወት ይወጣል። የሦስት ማርሹ እምብርት ላይ ትንሽ የዘይት መክፈቻ አለ። ቀጭን የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ የምግብ ዘይት በፍጹም። ይረጋና ማርሹን ያጣብቀዋል።

በራሌይ ሁለት ፔዳሎች መሃል፣ ብረቱ ውስጥ ካለው ኩሽኔታ ጋር ደግሞ አትታገሉ። የሚጠመዘዝበት ጥርስ ቁጥር ከሌላው ይለያል፣ በአንድ ኢንች 26 ነው፣ የሌላው 24። ሜካኒኩ «ትንሽ ልምታው ይገባል» ካለ ብስክሌቱን ይዛችሁ ውጡ። የድሮውን አጥባችሁ፣ ኳሶቹን ብቻ ቀይራችሁ መልሱት። 28 ጎማ ህንድ ሠራሹ ይሠራል፣ አታማርጡ።

የተፈገፈገውን ቦታ ቀለም አላስቀባሁትም። እንዳይዝግ ስስ ሰም አድርጌበታለሁ። ጽሑፉን የሚያስመስል ተለጣፊ ላሠራልህ ያለኝ ሰው ነበር፣ አልፈለግሁም። የተደረገው እንዲታይ ነው የምፈልገው። ኮርቻውን በመርፌና በሰም ክር አሰፋሁት፣ ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እነዳዋለሁ፣ ለእማማም ፎቶ እልክላቸዋለሁ። አሁን ቡሬ አንድ የሴት ብስክሌት አለ፣ አረንጓዴ፣ ከነዲናሞው። ሻጮቹ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው ያለው። እሱ መጥቶ እስኪፈርም ድረስ ብስክሌቱ እዚያው ይቆያል።