«የለም» ብዬ የፈረምሁበት ናሙና

ከሊምፍ ዕጢ የተወሰደ የሜላኖማ (የቆዳ ቀለም ከሚሠሩ ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር) ናሙና ነበር። ሐኪሙ የሚጠብቀው አንድ መልስ ነው፦ በቢራፍ ጂን ላይ ቪ600ኢ የተባለው ለውጥ አለ ወይስ የለም? ከቆዳ ሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ በዚህ ጂን ላይ ለውጥ ስለሚገኝባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ይህንኑ ለውጥ የሚያጠቁ መድኃኒቶች ስለተፈቀዱ፣ እኛ የምንጽፋት ቃል የታካሚውን የሕክምና መንገድ ትለውጣለች።

የሚፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ እያባዛ የሚያሳየው የፒሲአር ማሽን «የለም» አለ። የክፍሉ ኃላፊ ውጤቱን ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ ስለነበር ለመፈረም ተቻኩያለሁ።

«ቱቦውን አይተውታል?» አለችኝ ዲኤንኤውን ያወጣችው ወጣት ባልደረባዬ።

«ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ በትክክል ሠርቷል እኮ» አልኋት፤ ለውጡ እንዳለበት አስቀድሞ የሚታወቀውን የማነጻጸሪያ ናሙና ማለቴ ነው።

«የኮንትሮሉ ቱቦ ጥርት ያለ ነው። የታካሚው ግን ሻይ ነው የሚመስለው።»

እውነቷን ነበር። ኮንትሮሉ የተዘጋጀው ሜላኒን (ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ቀለም) ከሌለበት ዲኤንኤ ስለሆነ፣ ማሽኑና ኬሚካሎቹ ደህና መሆናቸውን እንጂ በታካሚው ቱቦ ውስጥ የሆነውን ሊነግረኝ አይችልም። እኔ ግን «ማሽኑ ተቀብሎታል» ብዬ ፈረምሁ። ዛሬም የሚቆረቁረኝ ይህ መልሴ ነው፤ ምክንያቱም ሜላኒን ዲኤንኤውን የሚያባዛውን የፖሊመሬዝ ኢንዛይም ሥራ እንደሚያግድ ከማንም በፊት ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

እሷ አልተከራከረችኝም። ሜላኒኑ እንዲሳሳ ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥና ፈተናውን ደገመችው፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ግራፎች አትማ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በመጀመሪያው ላይ የታካሚው የውስጥ ኮንትሮል (በራሱ በታካሚው ቱቦ ውስጥ ፈተናው መሥራቱን የሚያሳየው መስመር) በጣም ዘግይቶ ቢነሳም ከተፈቀደው ወሰን ስላላለፈ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎታል። በሁለተኛው ላይ በጊዜው ተነሥቷል፤ ከእሱ ጥቂት ዙር ዘግይቶ ደግሞ የቪ600ኢ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

የፈረምሁበት ወረቀት ከክፍሉ ስላልወጣ ወዲያው ሰረዝሁት። ከዚያም በቅጹ ላይ «አለ» እና «የለም» ከሚሉት ሳጥኖች ጎን «በዚህ ናሙና መወሰን አልተቻለም» የሚል ሦስተኛ ሳጥን እንዲጨመር ጠየቅሁ። «ሐኪሞቹን ያደናግራል» ተባልሁ። ሐሰተኛ «የለም» ከዚያ በላይ እንደሚያደናግር፣ መድኃኒቱም ይጠቅመው የነበረን ሰው ያለ መድኃኒት እንደሚያስቀር አስረድቻለሁ፤ ቅጹ ግን እስካሁን ባለ ሁለት ሳጥን ነው።

የእኛ መዝገብ ግን ተለውጧል። ከዲኤንኤው መጠን በፊት፣ ቱቦው በነጭ ወረቀት ላይ ተይዞ የሚሞላ አንድ ዓምድ አለ፤ የመጀመሪያው መስመር በእሷ እጅ «ቀለም፦ ቡናማ» ይላል።